ለአፈር ተማሪዎች፦ ለመደምደም አትቸኩሉ

ይድረስ በደንና በአፈር ሙያ ለተሰማራችሁ ልጆቼ፤

ስለ ደን ስናወራ ሁላችንም ቀና ብለን ዛፉን እናያለን። የዓለም አፈር የያዘው ካርቦን ግን በከባቢ አየርና በዕፅዋት ውስጥ ያለው ተደምሮ እንኳ አይደርስበትም። አፈር ሲሞቅ ባክቴሪያውና ፈንገሱ ይበረታል፤ ብስባሹን ቶሎ ቶሎ ይበላና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ያ ጋዝ ደግሞ መልሶ ምድርን ያሞቃል።

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለው የሃርቫርድ ደን የተሠራውን ሙከራ በደንብ አጥኑልኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 ተመራማሪው ጄሪ ሜሊሎና ባልደረቦቹ የማሞቂያ ኬብል 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቀብረው አፈሩን ከአካባቢው በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ አስበልጠው አሞቁት። መደቦቹ 18 ናቸው፤ የሞቁት ግን 6 ብቻ። 6ቱ ጭራሽ አልተነኩም። የቀሩት 6 ደግሞ ኬብል ተቀብሮባቸው ኤሌክትሪክ አልተለቀቀባቸውም። ለምን? መቆፈሩ በራሱ አፈሩን ይረብሻል። የቁፋሮውን ውጤት ከሙቀቱ ለመለየት ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ከሞቀው አፈር ብዙ ካርቦን ወጣ። ቀጥሎ ለሰባት ዓመት ያህል በሞቀውና ባልሞቀው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት ጠፋ። ያኔ ዕቃውን ሸክፎ የሄደ ተመራማሪ ቢኖር «አፈሩ ሙቀቱን ለመደው» ብሎ ይጽፍ ነበር። እነሱ ግን አልሄዱም። አፈሩ እንደገና መልቀቅ ጀመረ፤ በዚህኛው ዙር ተሕዋስያኑ እንጨትን እንደሚያጠነክረው ሊግኒን ያለውን በቀላሉ የማይበሰብስ ነገር ጭምር መብላት ይዘው ነበር። ከዚያ ደግሞ ጋብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የ26 ዓመቱ ውጤት ሲወጣ ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር 17 በመቶው ካርቦን ጠፍቶ ነበር።

ይህን ቁጥር አንስታችሁ እኛ አገር ሙኔሳ ወይም ሐረና ደን ላይ እንዳትለጥፉት አደራ። ፓናማ ውስጥ፣ ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ላይ፣ የሞቃት አገር ደን አፈር በ4 ዲግሪ ሲሞቅ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ55 በመቶ ነው የጨመረው። የእኛን ደጋ አፈር እዚያው ሄደን ካልለካነው ማንም አይነግረንም።

የማስተርስ ጥናት በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። መደባችሁ ግን አብሮ ማለቅ የለበትም። ቦታውን በጂፒኤስ መዝግቡ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የማይነቀል ችካል ትከሉ፣ በየትኛው ወርና በስንት ሰዓት እንደለካችሁ ጻፉ፣ ጥሬ ቁጥሩን ሳትቀንሱ ከኋላችሁ ለሚመጣው ተማሪ አስረክቡ።