እሬቱ ተጠምቶ ነው ወይስ ጠግቦ?

ጥያቄ፦ ሳሎን ያስቀመጥኩትን እሬት በየሁለት ቀኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠጣዋለሁ። ቅጠሉ ግን ከግርጌው ቡናማ ሆኖ እየላሸቀ ይወድቃል። ውሃ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ አላነሰውም፣ በዝቶበታል። የተጠማ እሬት ቅጠሉ ይሳሳል፣ ጠርዙም ወደ ውስጥ ይታጠፋል እንጂ አይላሽቅም። አፈሩ ሳይደርቅ ሲከርም ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ ስለማይስብ ተክሉ የተጠማ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ተሳስቶ ውሃ የሚጨምርለትም ለዚህ ነው።

ዛሬውኑ ይንቀሉት። የጠቆረውን ሥር በንጹሕ ቢላ ይቁረጡና እሬቱን ጥላ ላይ ከ3 እስከ 5 ቀን ያድርቁት። ከዚያ ከታች ቀዳዳ ባለው የአበባ ሸክላ፣ አፈርና ሻካራ አሸዋ እኩል ቀላቅለው በደረቁ ይትከሉት። ለአንድ ሳምንት ውሃ አይስጡት።

ከዚያ ወዲያ ቀን አይቁጠሩ። ቀጭን ስንጥር እስከ ታች ሰክተው ያውጡት፤ እርጥብ አፈር ከያዘ ይተዉት። ደርቆ ከወጣ በቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ ያጠጡ፤ ቅጠሉ መሐል ሳይሆን አፈሩ ላይ። ከሥሩ ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ከ15 ደቂቃ በኋላ ይድፉ። በበጋ ብዙ ጊዜ በ2 ሳምንት አንዴ ይበቃዋል፤ በክረምት ሳይጠጣ አንድ ወር ቢሞላውም አይጎዳም። ካክተስም በዚሁ መንገድ ይጠጣል።