ለሦስቱም ክላውድ አንድ ኢሜጅ፦ ፎርማቱን ትተህ ሆዱን ፈትሽ

ሰላም ወንድሜ። ቢሮ ሰርቨር ላይ በኬቪኤም (የሊነክስ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) የሠራኸው የሮኪ ሊነክስ ኢሜጅ (ሲስተሙ ተጭኖ ያለቀለት የዲስክ ቅጂ) እዚያው ይነሳል፣ በአማዞኑ ኤደብሊውኤስና በማይክሮሶፍቱ አዙር ላይ ግን ጨርሶ አይነሳም፤ «የትኛው የፎርማት መቀየሪያ ይሻላል?» ነው ጥያቄህ። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ ስለ ቪኤችዲና ቪኤምዲኬ የዲስክ ፋይል ፎርማቶች ነው የሚያወሩት። እኔ በዚሁ ጉዳይ ፍዳዬን ስላየሁ ነገሩ ወዲህ ነው እልሃለሁ።

1. መቀየሪያውን ተወው፣ ኪውኢኤምዩ ውስጥ ያለው ይበቃሃል። ችግርህ ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ ዋናውን ዲስክ ለማግኘት ከከርነሉ (ከሊነክሱ እምብርት) ጋር የሚጫነው ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም ማለት ነው። ሮኪና ሬድ ሃት ይህን የሚሠሩት ድራከት በሚባል መሣሪያ ነው። ድራከት ደግሞ ካልነገርከው በቀር ያኔ የሚሠራበት ማሽን የሚፈልገውን ድራይቨር ብቻ ነው የሚይዘው። ለአዋሽ ሙቀት የለበሰ ሰው ደብረ ብርሃን ሲደርስ የሚሆነውን ታውቃለህ። የኤደብሊውኤስ ናይትሮ ማሽኖች ዲስካቸው በኤንቪኤምኢ ድራይቨር፣ ኔትወርካቸው በኢኤንኤ ድራይቨር ነው የሚሠራው። አዙር የሃይፐር-ቪ (የማይክሮሶፍት ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ድራይቨሮችን ይፈልጋል። ሦስተኛው ክላውድ ጉግልም እንደ ቢሮህ ኬቪኤም ቨርቲዮ (ለቨርቹዋል ማሽን የተሠራ የዲስክና የኔትወርክ ዓይነት) ነው ብለህ አትዘናጋ፤ ብዙዎቹ የቆዩ ማሽኖቹ ዲስኩን የሚያቀርቡት በቨርቲዮ ስካዚ ነው፣ ያንተ ቢሮ በቨርቲዮ ብሎክ ከሆነ እዚያም ልትቀር ትችላለህ።

መድኃኒቱ ድራከት-ኮንፊግ-ጀኔሪክ የሚባለውን ፓኬጅ ጭነህ ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና መሥራት ነው። አንዳንዱ በትእዛዝ አንዴ «ኖ ሆስት ኦንሊ» (ለዚህ ማሽን ብቻ አትሥራ) ብሎ ያልፋል፤ ከርነሉ በታደሰ ማግስት ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

2. ከመላክህ በፊት ኢኒትራምኤፍኤሱን በኤልኤስኢኒትአርዲ ትእዛዝ ከፍተህ ኤንቪኤምኢና ኤችቪ-ስቶርቪኤስሲ (የአዙሩ የዲስክ ድራይቨር) መኖራቸውን በዓይንህ እይ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። እሠራበት የነበረ ድርጅት «ወርቃማ ኢሜጅ» ብሎ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ለአንድ ኮንትራክተር ከፍሎ ነበር። ኤደብሊውኤስ ላይ ጫንነው፣ ሞተ። ደወልን። «እኛ ጋ ይነሳል፣ የራሳችሁን ኔትወርክ አስተካክሉ» አሉን። ዲስኩን ያላገኘ ማሽን በየትኛው ኔትወርክ ነው የሚነሳው? ስብሰባ ላይ ይህን ስጠይቅ ሰውየው ወደኔ እንኳ ሳይዞር ለአለቃዬ «ልጁ ክላውድ ገና እየለመደ ነው» አለው። ሲሪያል ኮንሶሉን (ማሽኑ ሲነሳ የሚጽፈው የሚታይበትን) ከፍቼ አሳየኋቸው፦ ድራከት ዲስኩን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ይቆይና «በዚህ ዩዩአይዲ (የዲስክ መለያ) የሚጠራ ዲስክ የለም» ብሎ የአደጋ ጊዜ ሼል ላይ ይወድቃል። ዝም አሉ።

ጉዱ ግን ገና ነበር። ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ ስፈትሽ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) አካውንት ውስጥ የኮንትራክተሩ ሠራተኛ የኤስኤስኤች (ከርቀት የመግቢያ) ቁልፍ ተቀምጧል። ማለት፣ ከዚያ ኢሜጅ የሚነሳ ማሽን ሁሉ ለእነሱ በሩ ክፍት ነው! ክላውድ-ኢኒት (ማሽኑ ክላውድ ላይ መጀመሪያ ሲነሳ የሚያዋቅረው ፕሮግራም) አልተጫነበትም፣ ኢሜጁም አልጸዳም፤ ስለዚህ የሆስት ቁልፎቹም (የማሽኑ የራሱ የኤስኤስኤች ቁልፎች) ማሽን አይዲውም (የማሽኑ መለያ) በየቅጂው አንድ ዓይነት። ስንጠይቃቸው ዓይናችንን ግንባር ያድርገው አሉ። የመጨረሻው ክፍያ በኔ ሪፖርት ነው የቆመው፣ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ 3ኛው ማጽዳት ነው፦ ክላውድ-ኢኒት ጫን፤ ስትጨርስ የሆስት ቁልፎቹን፣ ሎጉን፣ የሰው ቁልፍ ካለ እሱንም አጥፋ፤ ማሽን አይዲውን ፋይሉን ሳትሰርዝ ባዶ አድርገው። ኤፍኤስታብ (ሲነሳ የሚከፈቱት ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥም ዲስኩን በስሙ ቪዲኤ ምናምን ብለህ አትጻፍ፣ በዩዩአይዲ ይሁን፤ የዲስኩ ስም በየክላውዱ ይለያያል።

ፎርማቱን በአጭሩ ልንገርህ። አዙር ቋሚ መጠን ያለው ቪኤችዲ ነው የሚቀበለው፣ መጠኑም በ1 ሜጋባይት እኩል መካፈል አለበት፤ በኪውኢኤምዩ ስትቀይር «ፎርስ ሳይዝ» የሚለውን ካልጨመርክ መጠኑን ያዛባብሃል። ጉግል ደግሞ ፋይሉ ስሙ የግድ «ዲስክ ዶት ሮው» እንዲሆን፣ መጠኑ በሙሉ ጊጋባይት እንዲሆንና በታር ጂዚፕ እንዲታሸግ ይፈልጋል።

አንተም እንደኔ አዲስ አበባ ከሆንክ 30 ጊጋ ቪኤችዲ ከቤት ኢንተርኔት ልልክ ብለህ ሌሊቱን አታንጋ። ተጨምቆ ያነሰውን ኪውካው2 (የኪውኢኤምዩ የዲስክ ፎርማት) ፋይል እዚያው ክላውዱ ላይ ወዳለ ትንሽ ማሽን ላክና እዚያ ቀይረው። ፓከርን (ኢሜጅ በስክሪፕት የሚሠራ መሣሪያ) ከለመድክ ደግሞ ጭራሹን ኢሜጅ አታጓጉዝ፤ ከየክላውዱ ኦፊሴላዊ የሮኪ ኢሜጅ ተነስተህ ያንኑ ስክሪፕት ሦስቱም ላይ አስኪደው። እኔ አሁን የምሠራው እንደዚህ ነው።

ለማንኛውም ከርነሉ መስመር ላይ የሲሪያል ኮንሶሉን አብራና የሚወጣውን የመጨረሻ ጽሑፍ እዚህ ለጥፍልን። በስልክ የተነሳ ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን፣ እባክህ።