በአሥራ አራት ዓመት የሞተር ሳይክል ትሪያል መጀመር ዘግይቷል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ጥያቄዎን በጥሞና አነበብሁት። ልጅዎ አሥራ አራት ዓመት እንደሞላው፣ ሁለት ዓመት በብስክሌት ትሪያል፣ ማለትም እግርን መሬት ሳያስነኩ መሰናክል በማለፍ ስፖርት፣ ሲለማመድ እንደቆየና አሁን የሞተር ሳይክል ትሪያል ሻምፒዮን ካልሆንሁ እያለ እንደሚወተውትዎ ጽፈዋል። ዕድሜው አልፎበት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ሞተር እንደሚገዙለት፣ የአንድ ሻምፒዮን የውድድር ዘመን በተግባር ምን እንደሚመስልም ጠይቀዋል። እኔ ሻምፒዮን አልነበርሁም። አሥራ አንድ ዓመት በክለብ ደረጃ ተወዳድሬ አንድም ጊዜ አንደኛ አልወጣሁም፤ ከዚያ በኋላ በዳኝነትና ለአንድ ወጣት ተወዳዳሪ በአጋዥነት አገልግያለሁ። ስለዚህ የምነግርዎ የውድድሩ ስፍራ ከታጠረበት ገመድ አጠገብ ቆሜ ያየሁትን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልዘገየም። ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስፔናዊው ጆርዲ ታሬስ ወደ ሞተር የመጣው ከብስክሌት ትሪያል ነው፤ የአገሩ ልጅ ቶኒ ቦውም እንዲሁ። ታሬስ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1987፣ ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በጥቅምት 1986 የተወለደው ቦው ደግሞ «ቤታ» ከተባለው የሞተር ፋብሪካ ወደ «ሞንቴሳ» በተዛወረበት በ2007 ገና በሃያ ዓመቱ አሸነፈ፤ ከዚያም እስከ 2024 ድረስ በተፈጥሮ ሜዳ የሚካሄደውንም ሆነ በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄደውን የዓለም ሻምፒዮና አንድ ዓመት እንኳ ሳያስነካ፣ 18 እና 18፣ በድምሩ 36 ጊዜ ወሰደ። ልጅዎ እነርሱ ያሸነፉበት ዕድሜ ላይ እስኪደርስ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ይቀረዋል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በዚህ ስፖርት አጭር ጊዜ አይደለም።

ብስክሌቱን እንደባከነ ጊዜ አይቁጠሩት። ፍሬን ይዞ በቦታው መዝለል፣ የፊቱንና የኋላውን ጎማ ለየብቻ አንስቶ አቅጣጫ ማስተካከል፣ በአንዲት ድንጋይ አናት ላይ ቆሞ ማሰብ፣ እነዚህ ሁሉ ታሬስ በሞተር ሳይክል ላይ አምጥቶ የስፖርቱን መልክ የቀየረባቸው የብስክሌት ዘዴዎች ናቸው። ብስክሌት ከተሳሳቱ በኋላ የሚያወጣ ሞተር ስለሌለው ሰውነት አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ያስገድዳል። እኔ ከተራ ሞተር ሳይክል ስለመጣሁ ጭንቅ በገጠመኝ ቁጥር እጄ ነዳጅ ወደ መስጠት ይሮጥ ነበር፤ ይህን አመል እስከ መጨረሻው አልተውሁትም። ልጅዎ እንደ አዲስ የሚማረው በዋናነት ፍሪሲዮንን ነው። በትሪያል ኃይል የሚመጠነው በፍሪሲዮን ነው፤ ተወዳዳሪው በአንድ ጣት ይዞት በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቃል፣ ይይዛል። የመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ውጭ ምንም ባያስገኝ አይዘኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ሻምፒዮንን ከጎበዝ ተወዳዳሪ የሚለየውን ለመረዳት የነጥብ አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል። ትሪያል የፍጥነት ውድድር አይደለም። ድንጋይ፣ ገደል፣ ወንዝና ግንድ ባለበት ስፍራ በገመድ የታጠሩ አጫጭር ክፍሎች ይዘጋጃሉ፤ ተወዳዳሪው እግሩን መሬት ሳያስነካ ካለፈ ዜሮ፣ አንድ ጊዜ ካስነካ አንድ፣ ሁለት ጊዜ ካስነካ ሁለት፣ ከዚያ በላይ ስንት ጊዜም ቢያስነካ ሦስት የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል። ከወደቀ፣ ከድንበሩ ከወጣ ወይም ጨርሶ ማለፍ ካቃተው አምስት ነው። ትንሹን ነጥብ የያዘ ያሸንፋል። በየክፍሉ ከመግባቱ በፊት በእግሩ እየተዘዋወረ መስመሩን ያጠናል፤ በሞተር መሞከር ግን አይፈቀድለትም።

እንግዲህ ሠላሳ ክፍል ያለበትን ቀን ያስቡ። አንድ አምስት የቀኑን ውጤት ሊያበላሽ ይችላል፤ ነገር ግን እኔ ለዓመታት በዳኝነት ቆሜ ያየሁት፣ ብዙውን ሰው የሚጥለው አምስቱ ራሱ ሳይሆን ከአምስቱ በኋላ የሚመጣው ክፍል መሆኑን ነው። ራሴም እንዲህ ነበርሁ። በአንድ ውድድር የመጀመሪያው ክፍል ላይ በቀላል እርጥብ ሥር አንሸራትቶኝ አምስት ተያዘብኝ፤ በቁጣ ሁለተኛውን ሳላጠና ገባሁና ሌላ አምስት፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የጠፋውን ለማካካስ እግሬን ማሳረፍ ሲገባኝ አላሳርፍም ብዬ ወደቅሁ። አንድ ነጥብ ከፍሎ አምስትን ማዳን የሚባለውን ስሌት የተረዳሁት መወዳደር ካቆምሁ በኋላ ነው፤ እንዴት እንደዘገየሁ ይመልከቱ።

ያጀብሁት ወጣት ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነበር። አጋዥ የሚባለው ሰው ሥራው ክፍሉን አብሮ ማጥናት፣ በአደገኛ ቦታ ቆሞ ሞተሩ በተወዳዳሪው ላይ እንዳይወድቅ መያዝና የቀረውን ሰዓት መጥራት ነው። አንድ ቀን አንዲት ሹል ድንጋይን በተሳሳተ መንገድ አንብቤ በግራዋ በኩል እንዲወጣ ነገርሁት፤ ወጣ፣ ተንሸራተተ፣ አምስት። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ይቅርታዬን መደርደር ጀመርሁ። እርሱ የራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ «ጋሼ፣ ቀጣዩ የት ነው?» አለኝና ዝም እንድል በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ቀጣዮቹን አራት ክፍሎች በዜሮ አለፈ። በዚያን ቀን አላሸነፈም፤ ሦስተኛ ነው የወጣው፤ ነገር ግን ይህ ልጅ ሩቅ ይሄዳል ያልሁት ያን ጊዜ ነው። ልጅዎ ላይ የሚፈልጉት ምልክት ካለ ይህን ይፈልጉ፤ የሚዘልለው ድንጋይ ቁመት በልምምድ ይመጣል።

ይኸው ጠባይ በአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በዓመታት ርዝመት ሲዘረጋ የጃፓናዊው ታካሂሳ ፉጂናሚ ታሪክ ይሆናል። ከ1999 እስከ 2003 አምስት ዓመት በተከታታይ የዓለም ሁለተኛ ሆነ፤ አምስቱንም ጊዜ ከፊቱ የነበረው ያው አንድ ሰው፣ እንግሊዛዊው ዱጊ ላምፕኪን ነበር። በ2004 በሃያ አራት ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ ዳግመኛ ያንን ማዕረግ ባያገኝም እስከ 2021 ድረስ በዓለም ሻምፒዮና ተወዳድሮ በአርባ አንድ ዓመቱ ተሰናበተ፣ ከዚያም የቡድኑ ኃላፊ ሆነ። በእኔ ግምት ከእርሱ ይልቅ ተሰጥኦ የነበራቸው ነበሩ፤ በአምስተኛው ሁለተኛነት ማግስት እንደገና ወደ ልምምድ የሚወጣ ግን ጥቂት ነው።

የላምፕኪን መንገድ ለአባት ሌላ ትምህርት አለው። አባቱ ማርቲን በ1975 የመጀመሪያው የዓለም የትሪያል ሻምፒዮን ነው፤ ልጁ ከ1997 እስከ 2003 ሰባት ጊዜ በተከታታይ ወሰደው። በስኮትላንድ የሚካሄደውን የስድስት ቀን ትሪያልም በድምሩ 12 ጊዜ አሸንፏል፤ በ2016 ደግሞ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል «ማን» በተባለችው ደሴት የሚገኘውን ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሞተር ሳይክል ውድድር ጎዳና በኋላ ጎማው ብቻ ዞረው። ይህን የማነሣው የቤተሰብ ስም ዋንጫ ያመጣል ለማለት አይደለም። በቤት ውስጥ መሸነፍን የሚያውቅ ሰው መኖሩ የሚረዳ ይመስለኛል፤ እርስዎ ተወዳድረው የማያውቁ ከሆነ ከውድድር በኋላ በመኪና ውስጥ የሚሉትን ይቀንሱ።

ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆችም ይህን ስለሚያነቡ ስፔናዊቷን ላያ ሳንዝን ልጥቀስ። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በተጀመረበት በ2000 ገና በአሥራ አራት ዓመቷ አሸነፈች፣ እስከ 2013 ድረስም 13 ጊዜ ወሰደችው፤ ወደ በረሃ ውድድርም ገብታ በ2015 የዳካርን የሞተር ሳይክል ውድድር ዘጠነኛ ሆና ጨረሰች። ትሪያል ያስተማረው የሚዛን ጥበብ በሌላ የሞተር ስፖርት እንዲህ ያገለግላል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። የፋብሪካ ውል ያላቸው ተወዳዳሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቀሪዎቹ በማስተማር፣ በትርኢትና በመለዋወጫ ንግድ ይደጉማሉ። ታሬስ ከውድድር በኋላ ቲአርኤስ የተባለውን የትሪያል ሞተር ፋብሪካ መሥርቷል፤ ይህ ግን የተለመደው ፍጻሜ አይደለም። የልጅዎ ትምህርት በዚህ ምክንያት እንዳይቋረጥ።

ሞተሩን በሚመለከት፣ ሻጩ 300 ሲሲ ቢያሳይዎት አይግዙ። ለጀማሪ ወጣት 125 ሲሲ ይበቃል፤ ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ ስህተቱን በኃይል ሊሸፍነው አይችልም። በጉልበት ላይ ቅለት እንደሚያይል የታወቀው ድሮ ነው። የትሪያል ተወዳዳሪው ሳሚ ሚለር «ኤሪየል» የተባለውን ከባድ 500 ሲሲ ሞተር ትቶ፣ ክብደቱ በቀለለው «ቡልታኮ» በ1965 የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ውድድር ካሸነፈ ወዲህ ከባዶቹ ሞተሮች ከሜዳው መውጣት ጀመሩ። የዛሬዎቹ ወደ ሰባ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ፣ መቀመጫ የሚባል ነገርም የላቸውም። አሮጌም ቢሆን ቸርኬው ያልተጣመመ፣ ፍሪሲዮኑ ሳይነጥቅ ቀስ ብሎ የሚይዝ ይምረጡ። የኋላ ጎማው ንፋስ 0.3 ባር ገደማ መሆኑን ሲያዩ እንዳይደነግጡ፤ ጎማው ድንጋዩን የሚጨብጠው በዚያ ልስላሴ ነው። ሞተሩ ከእጁ ሲወጣ ወዲያው የሚያጠፋውን፣ ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰረውን ገመድ በልምምድም ቢሆን ሳያስር እንዳይነሣ ያስጠንቅቁት። የእኔ ቁርጭምጭሚት የተሰበረው በውድድር ቀን አልነበረም፤ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ገመዱን ሳላስር፣ ወደ ቤት ልመለስ ስል ነው።

ለመጀመሪያው ውድድሩ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የነጥብ ካርዱን አይጣሉት። ማታ አምስት ነጥብ ከተያዘበት ከእያንዳንዱ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ክፍል በእርሳስ ያክብቡና ምን እንደተያዘበት ይዩ፤ ካርዶቹን ለአንድ ዓመት ያጠራቅሙ። መጥተው ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።