ለእናቷ ተገጣጣሚ ቤት ማሠራት ለፈለገችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አንቺ ቨርጂኒያ ነሽ፣ ቦታው ቢሾፍቱ ነው። ለእናትሽ አካባቢን የማይጎዳ ተገጣጣሚ ቤት ማሠራት ትፈልጊያለሽ። ሻጮቹ "በሦስት ወር ቁልፍ እናስረክባለን" ብለውሻል፤ እውነት ያልቃል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ቤቱ ያልቃል። ጊዜና ገንዘብ የሚበላው ከቤቱ ሥር ያለው ነገርና ወረቀቱ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች ከተማ ለአባቴ አሠርቼ ዛሬ ተመችቶት ይኖርበታል። ያየሁትን በተራ ልንገርሽ።

1. አፈሩ። ቢሾፍቱና አካባቢዋ ብዙው ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። "ቤቱ ቀላል ስለሆነ መሠረቱ ላይ ብዙ ማውጣት አያስፈልግም" የሚልሽን አትስሚ። ቀላል ቤት እንዲያውም ይብስበታል፤ አፈሩ ሲያብጥ ተጭኖ የሚይዘው ክብደት የለውም። ጥቁሩ ተቆፍሮ ይውጣ፣ በደህና ሙሌት ይተካ፣ በየንብርብሩ ይጠቅጠቅ። ለሙሌት የሚሆነው ቀይ አሽ (የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ደግሞ በእናንተ አካባቢ ሞልቷል።

2. ፈቃድ። ፈቃዱ እጅሽ ሳይገባ ለፓኔል (ለተገጣጣሚው ግድግዳና ጣሪያ) አንድ ብር እንዳትከፍዪ። እኔ የሄድኩበት ቢሮ የተቀመጠው ሰውዬ ፋይሌን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ "ይሄ ኮንቴይነር ነው፣ ቤት አይደለም። የብሎኬት ዲዛይን አሠርተህ ና" አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በሰው ፊት እንዲህ መባል ያማል። ደግነቱ መሃንዲሴ ጎበዝ ነው። ያኔ በተጠቀምንበት የሕንፃ አዋጅ፣ በቁጥር 624/2001፣ ምድብ ሀ (አነስተኛ ሕንፃዎች የሚገቡበት ምድብ) ሲተረጎም የብረት ስትራክቸር ከኮንክሪቱ እኩል በስም ተጠቅሶ ነበር። ያንን ገጽ ኮፒ አድርገን፣ የብረቱን ስሌት በማኅተም አያይዘን ወደ ኃላፊው ገባን። ኃላፊው አንብቦ ፈረመ። ስለዚህ ወኪልሽ ባዶ እጁን አይሂድ፤ ስሌቱንም አሁን የሚሠራበትን አዋጅም ይዞ ይሂድ።

3. አንከር ቦልት (ምሰሶውን ከመሠረቱ ጋር የሚያስረው፣ ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበረው ቡሎን)። እባክሽ ሌላውን ብትረሺ ይህችን አትርሺ።

የኛ መሠረት የፈሰሰው ቤቱን የሸጠልን ድርጅት ራሱ በላከልን ሥዕል ነው። ፎርማኑ እያንዳንዷን ቡሎን በሜትር ለክቶ፣ በውሃ ልክ አይቶ ነው ያሰረው። ዕቃው በመኪና መጣ፣ ክሬን ተከራየን። ክሬን ቆመም ሠራም በሰዓት ይቆጥራል። የመጀመሪያው ምሰሶ ወርዶ ሊቀመጥ ሲል ከአራቱ ቀዳዳ ሁለቱ ብቻ ገጠሙ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ፎርማኑ ሜትሩን ዘረጋ። በሥዕሉ ላይ በአንዱ አቅጣጫ በቡሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ነው። በመጣው ብረት 16። ምሰሶውን በቀጭን ቀይረውታል፤ የታችኛው ላሜራም አብሮ አንሷል። ለእኛ የነገረን የለም።

ደወልኩ። ከመክፈሌ በፊት በየቀኑ ስትደውልልኝ የነበረችው የሽያጭ ሠራተኛ ስልክ ማንሳት አቆመች። የላኩት ቴክኒሻን ደግሞ "ችግሩ የናንተ ፋውንዴሽን ነው" አለን። ፎርማኑ በንዴት ሥዕሉን አፍንጫው ሥር ዘረጋለት። በራሳቸው ማኅተም፣ በራሳቸው ፊርማ! ዝም አለ። በመጨረሻ የማይገጥሙት ቡሎኖች ተቆርጠው፣ ኮንክሪቱ በድሪል ተበስቶ፣ በኬሚካል አንከር (ቡሎኑን ቀዳዳው ውስጥ በሚያጣብቅ ማጣበቂያ) አዲስ ታሠረ። መሃንዲሴ ቀጭኑን ምሰሶ እንደገና አስልቶ ይሸከማል እስኪል ድረስ ሥራው ቆመ። ወጪውን እነሱ እንዲችሉ ያደረግኩት በዚያችው ማኅተም ነው። ባትኖር ኖሮ ከኪሴ ይወጣ ነበር።

ስለዚህ ውሉ ላይ እንዲህ ብለሽ አስገቢ፦ የአንከር ሥዕሉ የውሉ አካል ነው፤ ከዚያ በኋላ የምሰሶ ዓይነት ከተቀየረ ወጪው የሻጩ ነው። የፓኔሉ ላሜራ (የውጭ ቆርቆሮው) ውፍረትም በቁጥር ይጻፍ። ዕቃው ሲወርድ ወኪልሽ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ ይለካ። 0.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ 0.4 ቢመጣ በዓይን አይለይም። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም ይጻፍ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ በቃል አይታመንም።

አካባቢን የማይጎዳ ላልሽው፣ ሁሉም ሰው ሶላር ሶላር ይልሻል። የሀገራችን መብራት አብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመጣ ነው፤ ሶላሩ የሚጠቅምሽ መብራት ሲጠፋ ነው። ለአምፖልና ለፍሪጅ በቂ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ በሶላር ልሥራ ብትዪ ባትሪው ብቻ ያከስርሻል። ከዚያ ይልቅ ሲሚንቶና ብረት መቀነስ ነው ቁም ነገሩ፤ ቤቱን አታግዝፊው። ፀሐይ ከአናታችን በላይ ስለሆነች የጣሪያውን ፓኔል ወፍራምና ነጣ ያለ አድርጊው። ሰፋፊ መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙሩ፤ በምዕራብ በኩል መስኮት ከበዛ ከሰዓት በኋላ ሳሎን አይቀመጡበትም። ወለሉ ኮንክሪት ይሁን፣ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል። አሽንዳ በደንብ አሠሪና ከሮቶ ጋር አገናኚው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,000 ሊትር ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

እናትሽ ከሰል የሚያያይዙ፣ ቡና የሚያፈሉ ከሆነ ደግሞ የፓኔሉ ሆድ በምን እንደተሞላ ጠይቂ። ፎም ከሆነ እሳት ይይዛል። ወጥ ቤቱን በሮክ ዉል (እሳት በማይይዝ የድንጋይ ጥጥ) በተሞላ ፓኔል አሠሪው፣ ወይም ለብቻው በብሎኬት ውጭ ይሁን። እኔ ለብቻው ነው ያሠራሁት። ቁም ሳጥንና መደርደሪያ የሚሰቀልበትንም ግድግዳ ከወዲሁ ንገሪያቸው፣ ከውስጥ ማጠናከሪያ ብረት ይገባበታል። ከተገጠመ በኋላ ፎም ላይ ብሎን አይጸናም።

ክፍያውን ከፋፍዪው። የመጨረሻው ክፍያ አንድ ክረምት ዘንቦበት ካየሽ በኋላ ይሁን፤ ይከራከሩሻል፣ አትልቀቂ። የአንከር ሥዕሉ እጅሽ ሲገባ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ከመሃንዲሴ ጋር አይተን እንመልስልሻለን። ከዚያ በፊት ግን ቅድመ ክፍያ እንዳትልኪ።