ስለ ስቴሮይድ ቅባት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ቆዳ ቅባት የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ መጣ። አብዛኛው ስለ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትንና ማሳከክን የሚያበርድ መድኃኒት) ስለሆነ ዛሬ እሱን ብቻ እመልሳለሁ። ፎቶ የላካችሁልኝ አትቀየሙኝ፤ የቆዳ በሽታን በስልክ ፎቶ አይቼ ይሄ ነው ማለት አልችልም። ሐኪም ይያችሁ።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ ክርኗና ጉልበቷ መታጠፊያ ላይ ችፌ አለባት። ሐኪሙ ሃይድሮኮርቲሶን 1% አዘዘልን። እናቴ ግን «ስቴሮይድ ነው፣ ቆዳዋን ይበላዋል» ብላ ከለከለችኝ። ልቀባት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ቀቢያት እህቴ። እናትሽ የሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆዳ የሚያሳሱ ስቴሮይዶች አሉ። ይሄኛው ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሐኪሙ ባለሽ ቦታ፣ ባለሽ ቀን ልክ ከቀባሻት አያሳስብም። በፍርሃት ሳይታከም የቀረ ችፌ ነው የሚያሳስበኝ። ልጅቷ ሌሊቱን ስታክክ ታድራለች፣ ቆዳዋ ይቆስላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ እየቆየ ደግሞ ቆዳው ይወፍራል።

ብዙ ወላጅ ሁለት ሦስት ቀን ይቀባና ትንሽ ሻል ሲላት ያቆማል። ከዚያ ሲመለስባት «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል። እከኩና መቅላቱ እስኪጠፋ ቀጥዪ። በ2 ሳምንት ለውጥ ካላየሽ ሐኪሙ ጋ ተመለሺ። ዳይፐር የምታደርግ ከሆነ ግን ከዳይፐሩ ስር ሐኪም ሳያዝ አትቀቢ። ዳይፐር ቅባቱን አፍኖ ስለሚይዘው ወደ ሰውነቷ የሚገባው ይጨምራል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ቅባት 1% ይላል። የኔ ክሎቤታሶል ግን 0.05% ነው። የኔ ደካማ ስለሆነ ፊቴን ብቀባው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ እባክህ ፊትህን አትቀባው። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። በመቶኛ የተጻፈው ቁጥር ቅባቱ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ ነው የሚናገረው። ጉልበቱን የሚወስነው የመድኃኒቱ ዓይነት ነው። ክሎቤታሶል 0.05% በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት ነው፤ ከሃይድሮኮርቲሶን 1% በመቶዎች እጥፍ ይበረታል። ቤታሜታሶን ቫለሬት 0.1% እና ሞሜታሶን 0.1% ደግሞ ከክሎቤታሶል ያንሳሉ እንጂ እነሱም ጠንካራ ናቸው። ስለዚህ ቲዩቡን ስትገዛ ከቁጥሩ በፊት ስሙን አንብብ። በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስሙ ነው፤ የመድኃኒቱ ስም ከስሩ በትንሹ ነው የሚሰፍረው።

ቦታውም ልዩነት ያመጣል። የፊት ቆዳ ቅባቱን ከክንድ ቆዳ በብዙ እጥፍ ይመጥጣል። የዐይን ቆብና የብልት አካባቢ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እጅ ላይ ምንም ያላደረገህ ቅባት ፊትህን ሊጎዳው ይችላል።

ጥያቄ፦ «በስሱ ቀባ» ይሉኛል። በስሱ ማለት ምን ያህል ነው?

መልስ፦ መለኪያው ጣትህ ነው። ቅባቱን ከጠቋሚ ጣትህ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ በቀጭኑ ጨምቀህ አስተኛው። ይህ ግማሽ ግራም ያህል ይሆናል። ጣቶችን ጨምሮ ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። ለአንድ እጅ ከፊትም ከኋላም አንድ ይበቃል፣ ለአንድ ክንድ ሦስት፣ ለአንድ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ስድስት። ለልጅ ሲሆን የሚቀባውን ቦታ በአዋቂ መዳፍ ለኩት፤ የሚጨመቀውም በአዋቂ ጣት ነው። የታመመውን ቦታ ብቻ ቀባ፣ ጤነኛውን ተወው። ስትጨርስ እጅህን ታጠብ፣ የታመመው እጅህ ካልሆነ በቀር።

ጥያቄ፦ ፊቴን ለማጥራት ከኮስሞቲክስ ቤት የገዛሁትን ቅልቅል ክሬም 2 ዓመት ተቀባሁ። ነጭ ብልቃጥ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። መጀመሪያ ፊቴ መስታወት ሆኖ ነበር። አሁን አንድ ቀን ካልተቀባሁ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ብጉር ይወርረኛል። ፀሐይ መውጣት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ በተለያየ መልኩ የላካችሁልኝ ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

እንዲህ ዓይነት ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ይገኛል። አንዳንዴ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት፣ ሲብስም ሜርኩሪ ይጨመርበታል። ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይዱ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ቁጣውን ያበርዳል፣ ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራም ያዳክማል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት የሚጠራው ለዚህ ነው። ብጉሩም ማዲያቱም የጠፋ ይመስላል። ውስጥ ለውስጥ ግን ቆዳው እየሳሳ ነው። ወራት ሲያልፉ ጉንጭ ላይ እንደ ቀይ ክር የተበተኑ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ በአፍ ዙሪያ ሽፍታ ይወጣል፣ ለሴት የማይጠበቅ ፀጉር አገጭ ላይ ይበቅላል። ስታቆሚ ደግሞ ለዓመታት ጠበው የቆዩት የደም ሥሮች ባንዴ ይከፈታሉ፤ ማቃጠሉና መቅላቱ የዚያ ነው። ሰው ይደነግጥና ተመልሶ ይቀባል። ይበርድለታል። እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

አሁን ማድረግ ያለብሽ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ብልቃጡንም ይዘሽ ሂጂ። አፍረሽ አትደብቂ፤ ሐኪሙ ምን ስትቀቢ እንደነበር ካላወቀ በስህተት ሌላ ስቴሮይድ ሊያዝልሽ ይችላል። ባንዴ ታቁም ወይስ ወደ ቀላሉ እየቀነሰች ትውጣ የሚለውን እሱ ይወስናል። መላ ሰውነትሽን ስትቀቢ ከነበረ ይህን ሳትነግሪው እንዳትቀሪ። ስቴሮይዱ በብዛት ወደ ደም ከገባ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ይቀንሳል። ባንዴ ስታቆሚ ድካም፣ ማዞርና ማስመለስ ከመጣ ሳትውዪ ሆስፒታል ሂጂ።

እስከዚያ ፊትሽን በለብታ ውኃ ብቻ ታጠቢ። ሽታ የሌለው ማለስለሻ ወይም ተራ ቫዝሊን ይበቃሻል። ሎሚ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የቤት ውስጥ ማስክ አይነካሽ። ኮፍያና ጥላ ያዢ፣ ከቻልሽ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ። መቅላቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፤ ግን ይበርዳል። የተሰነጠቀ ሸንተረር ከወጣ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ይህን የምጽፈው መቀባት ከጀመረች ገና 2 ወሯ የሆነው እንድታነበው ነው።

ጥያቄ፦ ጭርት ወጥቶብኝ ከፋርማሲ ሦስት ነገር የያዘ ክሬም ሰጡኝ። ሁለት ቀን ያሻለኛል፣ ሳቆም እየሰፋ ይመጣል።

መልስ፦ ክሬሙ ውስጥ የፈንገስ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክና ጠንካራ ስቴሮይድ ሳይኖር አይቀርም። ስቴሮይዱ እከኩን ያስታግሳል፤ ፈንገሱ ግን የቆዳህ መከላከያ ስለተዳከመ እንደልቡ ይሰፋል። ክቡ ጠርዝ ስለሚጠፋ ሐኪም እንኳ ሊለየው ይቸገራል። አቁምና ስቴሮይድ የሌለበት የፈንገስ መድኃኒት ጠይቅ፦ ክሎትሪማዞል ወይም ተርቢናፊን። ከጠፋ በኋላም ጥቂት ጊዜ መቀጠል አለበት። በጣም ከሰፋ የሚዋጥ ሊያስፈልግህ ስለሚችል ሐኪም ይይህ። ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊት ሌሊት የሚያክክ ከሆነ ግን እከክ (ስኬቢስ) የሚባለው ተላላፊ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላልና እሱም ስቴሮይድ አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። ልቀባ?

መልስ፦ ቀላልና መካከለኛዎቹ በልክ ከሆነ ችግር የለባቸውም። ኃይለኛውን በብዛት መቀባት ግን ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋር ተያይዟል። የእርግዝና ክትትል ለሚያደርግልሽ ሐኪም ንገሪ። ጡት ስታጠቢ ደግሞ ጡትሽ ጫፍ ላይ የተቀባ ካለ ከማጥባትሽ በፊት በደንብ ጥረጊው።

ጥያቄ፦ ቫዝሊኑ ይቅደም ወይስ ስቴሮይዱ?

መልስ፦ የፈለግሽው ይቅደም፤ በመሃላቸው 20 ደቂቃ ያህል ስጪ። ወዲያው ከደራረብሻቸው ስቴሮይዱ ይቀጥንና ወዳልታመመው ቆዳ ይሄዳል። ቫዝሊን የጠጣ ልብስና ነጠላ ቶሎ እሳት ይይዛል፤ ቡና ስታፈዪ ከከሰሉ ራቅ በዪ።

ጥያቄ፦ የ68 ዓመት ሰው ነኝ። ለሶሪያሲስ (ቆዳ እየወፈረ የሚቀረፍበት በሽታ) ክሎቤታሶል ታዞልኝ 4 ወር ሆነኝ፤ ማዘዣው አልቆ ራሴ እየገዛሁ ነው። ግላኮማም (የዐይን ግፊት በሽታ) አለብኝ።

መልስ፦ አባቴ፣ ክሎቤታሶል ብዙውን ጊዜ ከ2 ሳምንት በላይ በተከታታይ አይሰጥም፤ በሳምንትም ከ50 ግራም ማለፍ የለበትም። በራስዎ ባንዴ ከማቆምዎ በፊት በዚህ ሳምንት ሐኪምዎን ያግኙ፤ ሶሪያሲስ ኃይለኛ ስቴሮይድ በድንገት ሲቆም ሊገነፍል ይችላል። ስቴሮይድ የሌለባቸው ሌሎች ቅባቶችም አሉ፣ ስለነሱ ይጠይቋቸው። ዐይንዎ አካባቢ እየቀቡ ከሆነ ግን እዚያ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ የዐይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ለዐይን ሐኪምዎም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ከኔ የተረፈ ቤታሜታሶን አለ። ወንድሜ ክንዱ ላይ ነጣ ያለ ነገር ወጥቶበታል። አያሳክከውም፣ አያመውም። ልስጠው?

መልስ፦ አትስጪው። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስቴሮይድ አይቀባም። አንድ ነገር ግን ሞክሩ፦ ዐይኑን ጨፍኖ ነጩን ቦታ በጥጥ ጫፍ በስሱ ንኪው፣ ከዚያ አጠገቡን ጤነኛውን ቆዳ። ነጩ ላይ ካልተሰማው ወይም ከደነዘዘው ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቢሰማውም ይታይ፤ በሽታው አንዳንዴ መጀመሪያ ላይ ስሜት አያጠፋም። በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ ይድናል፣ መድኃኒቱም በነፃ ነው የሚሰጠው።