«ልጄ ትምህርት ቤት አይናገርም፤ እኔንም በስሜ ይጠራኛል»

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ዓመት ሳይሞላው እኔ ወደ አሜሪካ ስመጣ ደሴ ያለችው እናቴ አሳደገችው። ከአምስት ወር በፊት ሜሪላንድ መጥቶ ከእኔና ከአባቱ ጋር መኖር ጀመረ። መምህርቱ «ክፍል ውስጥ አይናገርም፣ ሳናግረው ዓይኔን አያይም፣ ጃኬቱን እንኳ ራሱ አይለብስም» ብላ ለምርመራ የሚፈረም ወረቀት ላከችልን። ቤት ውስጥ ግን በአማርኛ ከአባቱ ጋር ሲያወራ ይውላል። ባለቤቴ እንግሊዝኛ ቶሎ እንዲለምድ አማርኛውን እንተወው ይላል። ልጁ እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ፤ ሌሊት ባንኖ ሲያለቅስ «እምዬ» የሚለው አያቱን ነው። ችግር አለበት? ወይስ ጠልቶኝ ነው?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ወረቀቱን አይፍሩት፤ ሳይገባዎትም አይፈርሙት። መምህርቱ ያየችው እውነት ነው። ያላየችው ልጁ አምስት ዓመት ሙሉ የተማረውን ነው።

ደሴ ላይ ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት ጨዋነት ነው፤ ዓይን ለዓይን ማፍጠጥ ድፍረት ተብሎ ያስቆጣል። በአሜሪካ ክፍል ውስጥ ደግሞ የማያይ ልጅ እንዳልሰማ ይቆጠራል። ጃኬቱም እንዲሁ ነው፤ አያቱ ስታለብሰውና ስታጎርሰው የኖረ ልጅ ይህን ለመልመድ ምክንያት አልነበረውም። እስቲ እናትዎን ደውለው ምን ምን ይሠራ እንደነበር ይጠይቁ። ሱቅ ተልኮ መልሱን ሳያጎድል ያመጣ ነበር? ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራ ነበር? እንግዳ እጅ ያስታጥብ ነበር? መልእክት ይዞ ሄዶ ሳያዛባ ማድረስ ማስታወስን፣ ኃላፊነትንና ሰው ማናገርን ይጠይቃል። እነዚህን በአንድ ገጽ ጽፈው ለመምህርቱ ይስጡ፤ የምርመራው ፋይል ውስጥም ይግባ።

ይህ ለማጽናናት ብቻ የምንለው አይደለም። ሮበርት ሰርፔል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት የዛምቢያና የእንግሊዝ ልጆች ያዩትን ቅርጽ መልሰው እንዲሠሩ አደረጉ። በእርሳስና በወረቀት እንግሊዞቹ በለጡ። ሽቦ በማጣመም፣ መጫወቻቸውን ከሽቦ መሥራት የለመዱት ዛምቢያውያን በለጡ። በጭቃ ሲሆን ልዩነት አልታየም። የተለካው ችሎታ ያው ነው፤ ውጤቱን የለዋወጠው የለመዱት ዕቃ ነበር።

ስለ ዝምታው። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለብዙ ወራት ዝም ብሎ ያዳምጣል። በምልክት የሚግባባ፣ ልጆቹን እያየ የታዘዘውን የሚሠራ፣ ቤት ሲመጣ የክፍል መዝሙር የሚያንጎራጉር ከሆነ እየተማረ ነው። ፊቱ የሚደርቅ፣ በእጁ እንኳ የማያመለክት፣ ሽንት ቤት ለመጠየቅ ፈርቶ የሚቋጥር፣ እዚያ አማርኛ የሚችል ልጅ ቢኖርም የማያናግር ከሆነ ግን ነገሩ ከቋንቋ አልፎ ጭንቀት ሆኗልና የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። በሁለቱም ሁኔታ «በል ተናገር፣ ሰላም በላት» ብሎ በሰው ፊት ማስገደድ ምላሱን የበለጠ ያስራል።

ሁሉን ነገር በባህል ማመካኘትም አደጋ አለው፤ በዚህ ሰበብ እርዳታ የዘገየባቸው ልጆች አሉ። መለያው አማርኛው ነው። በሁለት ዓመቱ ገደማ ሁለት ቃል ያገጣጥም ነበር? በአራት ዓመቱ የማያውቀው ሰው ንግግሩን ይረዳው ነበር? የዋለበትን በቅደም ተከተል ያወራል? የማስመሰል ጨዋታ ይጫወታል? ይችል የነበረውን ቃል አጥቷል? በአማርኛም ችግር ካለ ምርመራው ያስፈልገዋል። ከሁሉ በፊት ጆሮው ይታይ፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ ዝምተኛ ሊመስል ይችላል።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ የመጀመሪያው ምርመራ አይጀመርም። በተቻለ መጠን ልጁ በሚናገረው ቋንቋ መካሄድ አለበት፤ እንግሊዝኛ አለመቻሉም የአካል ጉዳት ወይም የእድገት ችግር አለበት ለማለት ዋና ምክንያት መሆን አይችልም። ስለዚህ «በአማርኛ የሚመረምር ወይም የሠለጠነ አስተርጓሚ ይኑር» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ለእርስዎም በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

ባለቤትዎ በቅን ልብ ነው የሚያስቡት፤ ግን አማርኛውን አይተዉት። ሁለት ቋንቋ መናገር የእድገት መዘግየት አያመጣም። አሁን ልጁ የሚያስብበት፣ የሚያለቅስበትና የሚጽናናበት ቋንቋ እሱ ብቻ ነው። ይልቅ ማታ ማታ 15 ደቂቃ ነገ ክፍል ውስጥ የሚማሩትን በአማርኛ ያውሩት፤ ሐሳቡን ቀድሞ ካወቀ የሚጎድለው የእንግሊዝኛው ስም ብቻ ይሆናል። ዓይን ማየትንም በጨዋታ ያለማምዱት፦ አባት መምህርት ይሁኑ፣ «ስትጠራህ ቀና በል፣ አፍንጫዋን ብታይም ይበቃል» ይበሉት። «አንገት መድፋት ነውር ነው» ግን አይበሉት። አያቱ ያስተማረችው ትክክል ነው፤ ለአያት የሚሆን አለ፣ ለመምህርት የሚሆን አለ።

አሁን ወደ ከበደዎት ነገር። ልጅዎ አልጠላዎትም፤ ሐዘን ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ ሕፃናትን በየቤታቸው ተከታትላ፣ ሕፃን ከአንድ በላይ ሰው ጋር እንደሚቆራኝ አይታለች። የእርስዎ ልጅ የቅርቡን ሰው አግኝቶ ነበር፤ ያቺ ሰው በአንድ ቀን በረራ ጠፋችበት። አያቱን እንደዚያ አጥብቆ መውደዱ ሌላ ሰውም መውደድ እንደሚችል ያሳያል። «እማዬ በለኝ» ብለው አያስገድዱት፤ «እምዬ»ም የአያቱ ሆኖ ይቅር። እርስዎን «እማ» ወይም ራሱ የመረጠውን ቢልዎት ይሻላል፤ እስከዚያ በስምዎ ሲጠራዎት ፊትዎ አይጥቆር።

ለአያቱ ስልክ ቋሚ ቀን ይያዙ። ማታ ስትደውሉ ደሴ ሌሊት ነውና ቅዳሜና እሑድ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ቢሆን እዚያ ከቀኑ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። አስቀድመው እናትዎን ያነጋግሩ፤ «መቼ ትመጣለህ፣ ናፍቆትህ ሊገድለኝ ነው» እያሉ ባያለቅሱ መልካም ነው። በምትኩ መርቀውት «ለእናትህ አደራ ሰጥቻታለሁ፣ እሷ ጋ እደር» ይበሉት። እርስዎን ቢወድ አያቱን የከዳ የሚመስለው ልጅ ይህን ፈቃድ ከእሳቸው አፍ መስማት ያስፈልገዋል።

ምናልባት ተኝቶ ያደገው ከአያቱ ጎን ነው፤ ብቻውን ክፍል ማደር ለእሱ ሌላ እንግዳ ነገር ነው። ፍራሹን እርስዎ ክፍል ያድርጉለት፣ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ያርቁት። ሲባንን «እምዬ ናፈቀችህ፣ እኔ አለሁ» ይበሉትና ጀርባውን ይዳብሱት፤ «ትልቅ ልጅ አያለቅስም» አይሠራም። በየቀኑ ደግሞ 15 ደቂቃ እሱ በመረጠው ጨዋታ፣ ያለ ስልክ፣ ሳያርሙትና ሳያስተምሩት አብረውት ይሁኑ። ለውጡ በወራት ነው የሚታየው፤ መሀል ላይ አኩርፎ ወደ ኋላ የተመለሰ የሚመስልበት ሳምንት ይኖራል፤ ያኔም 15ቱን ደቂቃ አያቋርጡ። ምግብ እየተወ ከሄደ፣ ጨዋታ ካስጠላው ወይም መባነኑ ከሁለት ሦስት ወር በኋላም ካልቀነሰ የሕፃናት ሐኪሙ ወደ ባለሙያ እንዲልኩት ይጠይቁ።