ቅጂሽን ስትሰሚ ምን እየፈለግሽ ነው?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ነው የምኖረው። ክራር እየመታሁ እዘፍናለሁ። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ከባንድ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ። አስተማሪዬ ግን ‹ጣትሽ ጥሩ ነው፣ ለዛ ይቀርሻል› ይለኛል። በየቀኑ ራሴን በስልክ እቀዳለሁ፤ ለውጥ ግን የለም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መቅዳቱን አትተዪው። የጎደለው ከመቅዳትሽ በፊት ያለው ሥራ ይመስለኛል። ምን እንደምትፈልጊ ሳታውቂ ብትሰሚው «ድምፄ አስጠላኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። የተቀዳ ድምፅ ለሁሉም ሰው ባዕድ ነው፤ ስንዘፍን ድምፃችንን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው። በዚያ ራስሽ ላይ አትፍረጂ።

መጀመሪያ አንብቢ። ክራሩን አስቀምጪና ግጥሙን እንደ ተራ ንግግር ጮክ ብለሽ አንብቢው። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ የቱ ነው? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። ኅብረ ቃሉን፣ ማለትም ሰሙንም ወርቁንም የያዘውን ቃል፣ በጥድፊያ ካለፍሽው ወርቁ አድማጩ ጋ አይደርስም። ትንፋሽ የምትወስጂበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። አስተማሪሽ ለዛ የሚለው፣ በእኔ እምነት፣ አብዛኛው እዚህ ነው የሚገኘው። የማትዘፍኚውንም ግጥም አንብቢ፤ አፍሽ ይፍታታል።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ታዳሚው ሲዳምኛ ዘፈን ይጠይቅሻል። ቋንቋው አፍ መፍቻሽ ካልሆነ ከተናጋሪ ጋር ቁጭ በይ። ግጥሙን ጻፊ፣ ትርጉሙን ጠይቂ፣ እሱ ሲያነበው ቅጂው። ትርጉሙ ሳይገባሽ የሸመደድሽውን ባለቋንቋው ወዲያው ያውቅብሻል።

አሁን ቅጂ። ስልኩን አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቂው። ስትጀምሪ ክሮቹን አንድ በአንድ ንኪ፣ ስትጨርሺም እንደዚያው። ሁለቱን ስታነጻጽሪ ክራሩ ከቅኝቱ ወጥቶ እንደሆነ ይታወቅሻል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ከትዝታ ማይነር የሚለየው ሁለት ድምፆች በግማሽ ቶን፣ ማለትም በትንሿ የድምፅ እርከን፣ መውረዳቸው ነው፤ ትንሽ የላላች ክር ስሜቱን ታበላሻለች።

ማታ የቀዳሽውን ጠዋት ስሚው፤ ጆሮሽ ያኔ አረፍ ብሏል። በመጀመሪያው ዙር ምቱን ብቻ፣ በሁለተኛው ቃላቱን ብቻ አዳምጪ። ከዚያ የነገውን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ደብተርሽ ላይ ጻፊ። አምስት ነገር ከጻፍሽ አንዱንም አትሠሪውም።

በአንድ ነገር ግን በስልክሽ አትተማመኚ። ብዙ የስልክ መቅጃዎች ዝግ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ጮክ ያለውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቅጂው አንድ ወጥ ሆኖ ቢሰማሽ ጥፋቱ ያንቺ ላይሆን ይችላል። ድምፅሽ ከፍና ዝቅ ይል እንደሆነ ሰው ፊት ተጫውተሽ ጠይቂ፣ በተለይ ሙዚቃ የማይጫወት ሰው።

ለባንድ መሪ ናሙና ስትልኪ ያልተቆራረጠ የሁለት ደቂቃ ቅጂ ይበቃል። ረጅም መግቢያ አትምቺ፤ ድምፅሽ ቶሎ ይግባ። ስምሽንና ስልክሽንም አብረሽ ጻፊ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።